የክፉ ተሳፋሪዎች ጉዞ

የቧንቧው ውሃ ባይቋረጥ ኖሮ ልጅቷ ምንም ሳትሰማ ከቤት ትወጣ ነበር። እናቷ ምስጢር ማውራት ስትፈልግ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ውሃው እየተንዶለዶለ ድምጿን ይሸፍንላታል። ዛሬ ግን ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ቀጥ አለ። እናትየው በስልክ ወሬ ተጠምዳ ስለነበር ልብ አላለችውም። ከስሱ ግድግዳ ወዲህ፣ አንድ እግሯን ብቻ ጫማ ያጠለቀችው ልጅ እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጋ ሰማች።

"ለሐኪሟ ንገርልኝ ነው የምልህ። ያን ሁሉ ጊዜ በመድኃኒት የተቀቀለች ልጅ ናት በላት። መሪው ይቅርባትና ቲኬት ቢሮ ወንበር ይስጧት። አይ ወንድሜ፣ ክፋት እኮ አይደለም! ደህና ናት፣ ለጊዜው ደህና ናት። አንተ የእናት ሆድ ምን ታውቃለህ?"

በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። በከተማው አውቶቡስ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ሆኖ፣ የትኛው ሹፌር የትኛውን አውቶቡስ ይዞ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ ይመድባል። ልጅቷ ደግሞ የዚሁ ድርጅት ዕጩ ሹፌር ናት። የጽሑፉን ፈተና አልፋለች፤ በግቢው ውስጥ ያንን ረጅም አውቶቡስ ወደ ኋላ ነድታ በሁለት በርሜሎች መሃል ሳትነካቸው አሳልፋለች። የቀራት የዛሬው ብቻ ነው፤ ጠዋት የሐኪም ምርመራ፣ ከሰዓት በኋላ የመንገድ ሙከራ። ሁለቱን ካለፈች ነገ መስመር ይሰጣታል። ከወደቀች ግን ድርጅቱ ዳግመኛ ሹፌር መቼ እንደሚቀጥር አጎቷም አያውቅም። ከጉጉት ብዛት ሌሊቱን በህልሟ ማርሽ ስትቀይር ነው ያደረችው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ዛሬ ባለቤቱን አልከዳም። በሩን በርግዳ ገብታ መጮህ አማራት። አልጮኸችም። ሁለተኛውን ጫማዋን አጠለቀችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጠረጴዛው፣ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና በአንድ ክፍል ተጠጋግተው ስለሚኖሩ ወንበር ለመሳብ የስፌት መኪናውን ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የስፌት መኪናውን ለመግፋት ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ። እናትየው ሻይና ዳቦ ይዛ መጣች። ዳቦው እንደገና መጨመሩን ነገረቻት። ልጅቷም ዋጋው በጨመረ ቁጥር ዳቦው እንደሚቀንስ፣ በዚህ ከቀጠለ በማጉያ መነጽር ፈልገው እንደሚበሉት ተናገረች። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። ዛሬ እናትየው ወደ መስኮቱ አየች፣ ልጅቷ ወደ ሻይዋ። በመሃላቸው የተቀመጠው ነገር ከስፌት መኪናው ይበልጥ ቦታ ይዟል።

"ብርቅዬ፣ ሹራብ ደርቢ" አለቻት ስትወጣ። ውጭ ፀሐይ አናት ትበሳለች።

ብርቅዬ ስሟ አይደለም። ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች አጣዳፊ የደም ካንሰር የያዛት ጊዜ የወጣላት የቁልምጫ ስም ነው፤ በሽታው ሲሄድ ስሙ ቀረ። አሁን ሃያ አምስት ሞልቷታል። እናቷ የበሽታውን ስም በአፏ አታነሳም፤ "ያ ነገር" ነው የምትለው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ልጇ ባስነጠሰች ቁጥር ግንባሯን ትዳስሳለች። ጉልበቷ ላይ ሰንበር ካየች በጣቷ ጫን እያደረገች ቀለሙን ትመረምራለች። ባልዲ አታስነሳትም፣ ደረጃ ስትወጣ ከኋላ ሆና ትቆጥርባታለች። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ የተወሰኑ ዓመታት ለክትትል አብረው ይመላለሱ ነበር። ከዚያ እናትየው "የተኛን ነገር ለምን እንቀሰቅሳለን?" አለችና መሄዱ ቀረ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ልጅቷም ደስ ብሏት ነው የቀረችው። ለዛሬዋ ሐኪምም ምን እንደምትመልስ በመስታወት ፊት ተለማምዳለች፤ "በልጅነትሽ ታመሽ ታውቂያለሽ?" ስትባል፣ ፈገግ ብላ፣ "ከጉንፋን በቀር ምንም።"

የድርጅቱ ክሊኒክ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ የተከመረ አሮጌ ጎማ ያሳያል፣ ግድግዳው ላይ የዓይን መመርመሪያ ፊደላት ተሰቅለዋል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ገዋኗ ሰፍቷት እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች። ዓይኗን አየች፣ ጆሮዋን አየች፣ ደም ግፊቷን ለካች። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ጉንፋን የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተዘጋጅቷል። ግን ያ በቧንቧ ውሃ ስር የተደበቀ ሹክሹክታ ትዝ አላትና ተናደደች። ስለ እሷ የሚወራ ከሆነ እሷው ታውራው!

"ታምሜ ነበር። የደም ካንሰር። ድኛለሁ።"

"አውቃለሁ" አለች ሐኪሟ። "አጎትሽ ገና በሩን ሳልከፍት ነግሮኛል። ከአንቺ መስማት ፈልጌ ነው። ከመድኃኒቶቹ መሃል ቀይ ነበረበት?"

ቀዩን እንዴት ትረሳዋለች! ብዙ ዓይነት ነበር የሚሰጧት፤ በደም ሥር የሚንጠባጠብ፣ በጀርባ የሚወጋ፣ ዓመታት ሙሉ የሚዋጥ ክኒን። ቀዩ ግን ሽንቷን ሳይቀር ያቀላው ነበር፤ የዋርዱ ልጆች ቀለማቸውን እያወዳደሩ ይሳሳቁበት ነበር። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ቀዩ በሽታውን ከሚያጠፉት ጠንካሮቹ አንዱ ነው፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም ምንም ሳያሳምም፣ ልብን ያደክማል። ከሹፌር ጀርባ ደግሞ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አለ። "አልከለከልኩሽም። ያከመሽ ሆስፒታል ልብሽን ዛሬ ዓይቶ ደህና ነው ካለኝ፣ ከሙከራው በፊት ከሆነ፣ እፈርምልሻለሁ። ካልሆነ ግን እጄ የታሰረ ነው።"

አጎቷ ግቢው ውስጥ አውቶቡስ የሚቆጥር መስሎ ቆሞ ነበር። የቆሙት ሦስት ናቸው፤ ሦስት ለመቁጠር ያን ያህል አያስቆምም።

"ጋሼ፣ ለካ ጥሩ ዘመድ አለኝ" አለችው።

"እናትሽ እያለቀሰች እንዴት እምቢ ልበላት? አንቺስ ብትሆኚ?"

"እሷ ተረጋግታ እንድትተኛ እኔ ዕድሜ ልኬን ቲኬት ልቁረጥ?"

አጎቷ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከና፣ "ሂጂ በይ። የሙከራውን ተራ መጨረሻ ላይ አደርግልሻለሁ። ከዚህ በላይ ግን አልችልም፤ ፈታኙን ታውቂዋለሽ፣ ለአባቱም ደቂቃ አይጨምር" አላት። ንግግሩን አላስጨረሰችውም፤ እግሬ አውጪኝ ብላ በሩ ላይ ደርሳለች።

ታክሲው ውስጥ ሆና ነው ፍርሃቱ የመጣው። እስከዚያ ድረስ ልቧ አለ ብላ አስባው አታውቅም፤ አሁን በየቀዩ መብራት ሲመታ ትሰማዋለች። ደክሞ ቢሆንስ? እናቴ ልክ ብትሆንስ? ሆስፒታሉ ደግሞ ሽታውን እንኳ አልቀየረም። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሸበቶ ነርስ ጋሪ እየገፋች ስትመጣ አየቻትና ጋሪውን ለቀቀችው።

"አለሽ?! አንቺ ያቺ የግሉኮስ መስቀያውን እንደ መኪና እየነዳሽ ኮሪደሩን የምታምሺው! እስቲ ዙሪ! እስቲ ልይሽ! እንዲህ ቁመት አውጥተሽ ትጠፊብናለሽ?"

ሲስተር አቅፋት እየሳቀች፣ እየተቆጣች፣ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ይቅርታ እየጠየቀች የልብ ምርመራው ክፍል ድረስ አደረሰቻት። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ባለሙያው ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን ከአጥንት አጥንት እያዞረ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። እሷም አፈጠጠች። አንድ ግራጫ ነገር በጨለማ ውስጥ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይኸው ነው እንግዲህ! ያ ሁሉ ቀይ ያለፈበት ይኸው ነው። "ምነው፣ መጥፎ ነው?" አለችው። "እኔ እለካለሁ እንጂ አልተረጉምም" አላት፤ ያን ጊዜ ብታንቀው ደስ ባላት።

የተረጎመው በልጅነቷ ያከማት ዶክተር ነው። ያኔ ጥቁር የነበረው ፂሙ ነጭ ሆኗል። ውጤቱን አንብቦ ስለ ልቧ ከመናገሩ በፊት ጫማዋን አስወልቆ የእግር ጣቶቿን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ነርቭ ስለሚነካ፣ ፍሬን የምትረግጥ ሴት ደግሞ ፍሬኑ በእግሯ ሊሰማት ይገባል። "አመመኝ!" አለች። "እሰይ" አለ ዶክተሩ።

"ልብሽ ደሙን ደህና ይገፋል። ጤነኛ ነው ከምንለው ልክ ውስጥ ነው፣ ወደ ታችኛው ጠርዝ ጠጋ ያለ ቢሆንም። ቀዩ ትንሽ ነክቶት አልፏል ማለት ነው። አውቶቡስ ከመንዳት አያግድሽም። ግን በየዓመቱ ትመጫለሽ፤ ልትወልጂ ስታስቢ ቀድመሽ ትነግሪኛለሽ። ብትጠፊ አውቶቡስሽ ላይ ተሳፍሬ ነው የምይዝሽ።"

"መውለድም እችላለሁ?"

"ብዙዎቹ ወልደዋል። አንቺም የማትወልጂበት ምክንያት አይታየኝም።"

"ያ ነገርስ? ይመለሳል?" ብላ ጠየቀችው። በእናቷ አጠራር መጥራቷን ስታውቅ አፈረች። ዶክተሩ ወንበሩን ወደሷ ሳበ። አንድ መድኃኒት ብቻውን ተሰጥቷት ቢሆን ኖሮ በሽታው ጥቂት ወራት ተደብቆ ይመለስ እንደነበር ነገራት፤ አንዱን ያመለጠ ሌላው እንዲይዘው ነው አቀናጅተው የሚሰጡት። እንደዚያም ሆኖ የሚያመልጥ አለ። የአጠገቧ አልጋ ልጅ፣ ያቺ ካርታ ስትጫወት የምታጭበረብረው፣ በዓመቱ ተመልሶባት ሞታለች። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ዛሬም ካርታ ስታይ ሆዷ ይባባል። "አንቺ ጋር ግን ይህን ያህል ዘመን ካልመጣ አይመጣም እላለሁ። በእኔ ቋንቋ ድነሻል። ያኔ ሐሳባችን በሕይወት እንድትተርፉ ብቻ ነበር፤ አሁን አድጋችሁ እየመጣችሁ ስለ ልብ፣ ስለ አጥንት፣ ስለ መውለድ ትጠይቁናላችሁ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም።" ከዚያ ስልኩን አንስቶ ለድርጅቱ ሐኪም እዚያው ፊት ለፊቷ ነገራት።

ልጅቷ ወደ ዋናው በር ልትሮጥ ስትል ሲስተር ክንዷን ያዘቻት። ሲስተር የያዘችው አንድ ደንብ አለ፤ የዳነ ልጅ ለምርመራ ሲመጣ በዋናው በር አይወጣም። እጁን ታጥቦ፣ ጭምብል አድርጎ፣ በልጆቹ ዋርድ መሃል ለመሃል አልፎ ነው የሚወጣው። "መድኃኒቱን እኛ እንሰጣለን፤ ይኼን ግን ከእናንተ በቀር የሚሰጥ የለም" ትላለች። ልጅቷ ሰዓት ሄደብኝ ብላ ለመነቻት፤ ሲስተር ግን ከፈታኙም የባሰች ናት። ስለዚህ ገባች። ከግራና ከቀኝ አልጋ ላይ ራሳቸው የተመለጠ ልጆች፣ በየአልጋው ጥግ በእንቅልፍ ማጣት የከሱ ወላጆች። ሲስተር ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ይቺ እዚያ አልጋ ላይ ነበረች" ብቻ አለች። ክፍሉ በሙሉ ቀና አለ። አንዲት እናት ተነስታ፣ ማን እንደሆነች እንኳ ሳትጠይቅ፣ የልጅቷን ፀጉር በእጇ ነካችው፤ እውነተኛ መሆኑን ልታረጋግጥ።

"ምንድን ነው የምትሠሪው የኔ እህት?"

"የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ" አለች ልጅቷ። አፏን ምን እንደነካው አታውቅም።

አልጋው ላይ የተኛችው የሴትየዋ ልጅ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። "ትልቁን? የሚታጠፈውን?"

"ትልቁን!"

እንግዲህ ውሸት ሆኖ መቅረት አይችልም። ዋርድ ሙሉ ሰው ሰምቷል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ ልቧ ደረቷን ይደበድባል፤ ይደብድብ፣ ተመርምሯል!

ድርጅቱ ግቢ ስትደርስ ሐኪሟ በመስኮት አውራ ጣቷን አሳየቻት፤ ፈርማለች። አጎቷ ስምሪት ክፍሉ በር ላይ ቆሟል። አጠገቡ አግዳሚው ላይ፣ ዣንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ፣ እናቷ ተቀምጣለች። እንደምታለቅስ ሰው ሳይሆን ጥርሷን ልታስነቅል እንደመጣች ሰው ነው የተቀመጠችው።

"አጎትሽ ሆስፒታል ሄደች አለኝ። ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"ልብሽን?"

"ልቤን። ደህና ነው አሉ።"

"ለጊዜው?" አለች እናትየው፤ ቃሉ ከልማድ ነው የወጣው።

"እማዬ፣ አንቺ ሁልጊዜ ከመሞት መሰንበት ትያለሽ። እኔ መሰንበት ሰለቸኝ። መኖር ነው የምፈልገው።" ጠዋት በግድግዳው የሰማችውንም ልትነግራት ነበር። ግን እናቷ የዣንጥላውን ማሰሪያ ስትፈታ ስታስር አየችና ተወችው። ደግሞም ፈታኙ ጠርቷታል።

በዚህ ድርጅት አዲስ ሹፌር መጀመሪያ የሚያሳፍረው እውነተኛ ተሳፋሪ አይደለም። የጋራዡ ሠራተኛ፣ አጣቢዋ፣ ጎማ ቀያሪው፣ የመጋዘን ሰው ሁሉ ይሳፈርና የከተማውን ክፉ ተሳፋሪ ሆኖ ይጫወታል። አንዱ በማይቆምበት ቦታ "ወራጅ!" ይላል፣ አንዱ ሂሳብ አልከፍልም ብሎ ይነታረካል፣ አንዱ ሹፌሩን ይሰድባል። የሹፌሩ ሥራ አለመዞር፣ መልስ አለመስጠት፣ ዓይንን ከመንገድና ከመስታወት አለማንሳት ነው። ዓመቱን ሙሉ አፋቸውን ይዘው የሚሠሩት ሰዎች ይህን ቀን ይናፍቁታል። አጎትየው እህቱን በክንዷ ይዞ ወደ አውቶቡሱ በር ወሰዳት። "ግቢ። በሩቁ ከመፍራት ገብተሽ እዪ" አላት። ስለ ጨዋታው ሊነግራት ይገባ ነበር፤ ወይ ረስቶት ነው፣ ወይ ሆን ብሎ፣ እሱ ያውቃል።

አውቶቡሱ ከግቢው ወጣ። መሪው እንደ ትልቅ ሰሃን በእጇ ዞረ፤ መንገዱ፣ የሱቆቹ መስታወት፣ የሚያቋርጠው ሰው፣ ሁሉም ከፍ ካለው ወንበሯ ላይ ፍንትው ብሎ ታያት። ልትስቅ ነበር ከደስታዋ። ከኋላ ጫጫታው ተጀመረ። አጣቢዋ መልሴን ብላ ታምባርቃለች፣ የመጋዘኑ ሰው መውረጃዬ አልፎኛል ብሎ በሩን ይደበድባል። አንዲት ትንሽ መኪና ድንገት ከፊቷ ገባች፤ ፍሬኑን ለስለስ አድርጋ ያዘች፣ ከቆሙት አንድ ሰው አልተንገዳገደም። ፈታኙ ምንም አላለም፤ ከእሱ ይህ ሙገሳ ነው። በመስታወቱ ውስጥ እናቷ ከኋላዋ ባለው ወንበር ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየቻት። ቆይቶ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ቆይቶ ሁለቱንም።

ወደ ግቢው መመለሻ ላይ፣ የመጨረሻው መብራት ቀይ ሆኖ ቆሙ። እስካሁን ተራውን ሲጠብቅ የነበረው ጎማ ቀያሪ፣ ከሁሉም የተዋጣለት ክፉ ተሳፋሪ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ምነው ይቺ ሹፌር ታዘግማለች? ያማታል እንዴ? ገና ስትታይ እኮ በሽተኛ ናት! በሽተኛ ሰብስበው መሪ ያስይዙልናል!"

ልጅቷ መሪውን ጨበጠች። ከኋላዋ የዣንጥላ ጫፍ ወለሉን ሲመታ ሰማች።

"ማንን ነው በሽተኛ የምትለው አንተ?" እናቷ ቆማለች። "ታማ ነበር! የደም ካንሰር ነበር፣ ስሙን ልንገርህ፣ የደም ካንሰር! አንተ ብትሆን አንድ ቀን የማትችለውን መድኃኒት ዓመታት ሙሉ በሕፃን ገላዋ ችላ... ድናለች! ሰማህ? ልጄ ድናለች!"

ጎማ ቀያሪው ጨዋታውን ረስቶ ቆቡን አወለቀ። በመስታወቱ ውስጥ እናቷ በገዛ አፏ ደንግጣ፣ ያለችውን መልሳ የምትሰማ ይመስል፣ እንደቆመች ቀርታለች። አጎትየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ፈታኙ ብቻ እንደወትሮው ነው፤ ወደ አጎትየው ዘወር ብሎ፣ "ነገ ጠዋት የትኛውን መስመር ነው የምትሰጣት?" አለው።

አረንጓዴው በራ። ልጅቷ እንባዋ መንገዱን ሊያደበዝዝባት ሲል በእጅጌዋ ጠረገችው። መዞር አይፈቀድላትም፤ አልዞረችም።

"የቆማችሁ ተሳፋሪዎች ያዙ፣ ልነሳ ነው" አለች።

"ይዣለሁ" አለች እናቷ። "ንጂ!"